ብርቅዬ የአሜሪካ ኮንቨርቲብል ሞዴሎችን መሰብሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ የአሜሪካ ኮንቨርቲብል፣ ማለትም ጣሪያው ታጥፎ ወደ ኋላ የሚቀመጥ መኪና፣ ሞዴሎቹን፣ ያም መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ አምሳያዎቹን፣ እሰበስባለሁ። ጥያቄ ይበዛብኛል። አንዱ ዋጋ ይጠይቃል፣ አንዱ የት እንደሚገኝ፣ ሌላው ደግሞ «አንተ ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?» ይለኛል። ለመጨረሻው መልስ የለኝም፤ የቀሩት ግን እነሆ። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ገንዘቡም በዶላር።

ለምን ኮንቨርቲብል ብቻ?

ውስጡ ስለሚታይ። ጣሪያ ያለው መኪና ሞዴል ላይ ሠሪው ወንበሩን በጥቁር ፕላስቲክ ቢያልፈው ማንም ልብ አይልም። ኮንቨርቲብል ላይ ግን መደበቂያ የለም። መሪው፣ ዳሽቦርዱ፣ የወንበሩ ስፌት፣ የበሩ እጀታ፣ ታጥፎ የተቀመጠው ጣሪያ ሁሉም አደባባይ ወጥቷል። ሠሪው ሰነፍ ከሆነ በአንድ እይታ ይታወቅበታል።

ሌላው ምክንያት መኪኖቹ ራሳቸው ናቸው። የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን አለቃ የነበረው ሃርሊ ኧርል በ1938 ያሠራው ቢዩክ ዋይ-ጆብ ኮንቨርቲብል ነው። አንድ ብቻ ተሠራ። ለሽያጭ አልቀረበም፤ ኧርል ራሱ እየነዳው ይዞር ነበር። የፊት መብራቶቹ ይደበቃሉ፣ መስታወቶቹ በኤሌክትሪክ ይወርዳሉ። በ1938! ብዙ ሰው የመጀመሪያው የኮንሴፕት መኪና፣ ማለትም ለሽያጭ ሳይሆን አዲስ ሐሳብ ለማሳየት የተሠራ መኪና፣ የሚለው እሱን ነው። ከዚያም በኋላ የአሜሪካ ፋብሪካዎች «እዩን» ማለት ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚያወጡት ኮንቨርቲብል ነበር።

«ብርቅዬ» የምትሉት የትኛውን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ጋ ነው። የመኪናው ብርቅነት ሌላ፣ የሞዴሉ ብርቅነት ሌላ።

የ1971 ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳ ኮንቨርቲብልን ውሰዱ። አብዛኛው ሰው የሚቀበለው ቁጥር 11 ነው፤ በቃ ያን ያህል ብቻ ተሠሩ። በ2014 ሲያትል ላይ አንዱ በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሞዴሉስ? እንደ ልብ ይገኛል። በየቀለሙ ሠርተውታል፣ ርካሹም ውዱም አለ። «ከ11 አንዱ» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ የሚያወራው ስለ መኪናው ነው፣ እናንተ የምትገዙት ግን ሞዴሉን ነው። በተቃራኒው ደግሞ በመቶ ሺዎች የተመረተ ተራ መኪና፣ በ1950ዎቹ መኪና ሻጮች ለደንበኛ ይሰጡት የነበረው የፕላስቲክ ሞዴሉ ሳይጣመም ከነካርቶኑ ከተገኘ እሱ ነው እውነተኛው ብርቅ።

ስለዚህ ሁለቱን ለዩ። እኔ በመኪናው ታሪክ ነው የምመርጠው። የሞዴሉ ቁጥር ያን ያህል አያስጨንቀኝም።

እሺ፣ ታሪክ ያላቸው የትኞቹ ናቸው?

ከ1953 ጀምሩ። ያ ዓመት ለብቻው አንድ መደርደሪያ ይሞላል።

በዚያ ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ሦስት ውድ ኮንቨርቲብሎችን አንድ ላይ ለቀቀ። ካዲላክ ኤልዶራዶ 532 ብቻ ተሠራ፣ ዋጋው 7,750 ዶላር ነበር። የዚያው ዓመት ተራው የካዲላክ ኮንቨርቲብል 4,100 ዶላር ገደማ ስለነበር ልዩነቱን ገምቱት። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በጥር 1953 ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀን በሰልፉ ላይ ቆመው ሕዝቡን ሰላም ያሉት በኤልዶራዶ ነው። ሁለተኛው ቢዩክ ስካይላርክ ነው፤ የቢዩክን 50ኛ ዓመት ለማክበር የወጣ፣ 1,690 የተሠራ። ሦስተኛው ኦልድስሞቢል ፊየስታ፣ 458 ብቻ። ከሦስቱ ትንሹ ቁጥር የፊየስታ ነው፣ ሰው የሚያውቀው ግን ኤልዶራዶን ነው። ዓለም እንዲህ ናት።

ፓካርድም በዚያው ዓመት ካሪቢያንን አመጣ፣ 750 መኪና። ኮርቬትም የተወለደው በ1953 ነው፤ 300 ብቻ፣ ሚሺጋን ፍሊንት ውስጥ በእጅ እየተገጣጠመ። ስሙ ገናና ነው እንጂ ያን ጊዜ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ካምቢዮውም ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያለው ሌላ ዓለም ነው። ዱሰንበርግ ኤስኤስጄ በ1935 ሁለት ብቻ ተሠራ፤ አንዱ የተዋናይ ጋሪ ኩፐር፣ ሌላው ክላርክ ጌብል ዘንድ የነበረው። የኩፐሩ በ2018 ካሊፎርኒያ ፔብል ቢች ላይ በ22 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ኮርድ 810 እና 812 ደግሞ የፊት መብራታቸው ፓራፋንጎው ውስጥ ይደበቃል፣ ሾፌሩ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን እጀታ በእጁ እያዞረ ያወጣዋል። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። የክራይስለር ኒውፖርት አምስት ብቻ ተሠርቶ አንዱ የ1941ዱን የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ከተወዳዳሪዎቹ ፊት እየሄደ አስጀምሯል።

ከ1953 በኋላ ደግሞ የ1954 ካይዘር ዳሪን አለ። በሩ ወደ ውጭ አይከፈትም፣ ወደ ፊት ተንሸራቶ ፓራፋንጎው ውስጥ ይገባል። 435 ተሠራ፣ አልተሸጠም፣ ተዘጋ። የ1956 ፓካርድ ካሪቢያን ኮንቨርቲብል 276፤ የወንበሩ ልብስ ይገለበጣል፣ በአንድ በኩል ቆዳ በሌላው ጨርቅ። የ1957 ፖንቲያክ ቦንቪል 630። የ1957ቱ ፎርድ ስካይላይነር ብርቅ አይደለም፣ በዚያ ዓመት ብቻ ከ20 ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ ግን የብረት ጣሪያው በሞተር እየታጠፈ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስለሚገባ መዝለል አልቻልኩም። የ1960 ኤድሰል ሬንጀር ኮንቨርቲብል 76። የ1969 ፖንቲያክ ትራንስ አም ኮንቨርቲብል ስምንት። አዎ፣ ስምንት።

እስከ ስንት ዓመት ድረስ ነው «ቪንቴጅ» የሚባለው?

ሁሉም የራሱ ድንበር አለው። የእኔ 1976 ነው። በዚያ ዓመት ካዲላክ «የመጨረሻው የአሜሪካ ኮንቨርቲብል» ብሎ ኤልዶራዶን ሸጠ፤ የመጨረሻዎቹ 200 መኪኖች ነጭ ሆነው አንድ ዓይነት ተሠሩ። ሰው ኢንቨስትመንት ነው ብሎ ተሻማ። ከዚያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ክራይስለር ኮንቨርቲብል መልሶ አመጣ፣ ካዲላክም ራሱ በ1984 ተመለሰበት። «የመጨረሻ» ብለው የገዙት ሰዎች ተናደው ክስ እስከ መመሥረት ደረሱ።

1:18፣ 1:24፣ 1:43 ማለት ምን ማለት ነው? የቱ ይሻለኛል?

1:18 ማለት እውነተኛው መኪና ከሞዴሉ 18 እጥፍ ይረዝማል ማለት ነው። የ1959 ካዲላክ ኤልዶራዶ ርዝመቱ 5.7 ሜትር ያህል ነው። በ1:18 ወደ 32 ሴንቲሜትር ይመጣል፣ በ1:24 ወደ 24፣ በ1:43 ከ13 ትንሽ በለጥ፣ በ1:64 ዘጠኝ አካባቢ። አሁን መደርደሪያችሁን በሜትር ለኩ። አሥር ካዲላክ በ1:18 ከሦስት ሜትር በላይ ይፈልጋል፣ እሱም ተጠጋግተው ከተደረደሩ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ምክሬ? ለኮንቨርቲብል 1:24 ወይም 1:43። 1:18 ያምራል፣ ግን ቦታና ገንዘብ ይበላል። 1:64 ኪስ አይጎዳም፣ ግን ውስጡ አይታይም፤ ውስጡ ካልታየ ደግሞ ኮንቨርቲብል የመሰብሰቡ ነገር ጣዕሙ ይጠፋል። 1:25 የሚባለውም አለ፣ የድሮዎቹ የአሜሪካ ፕላስቲኮች በአብዛኛው እሱ ናቸው። 1:43 የመጣው ከአሻንጉሊት ባቡር መለኪያ ነው፤ እንግሊዞቹ ከባቡሩ ጎን የምትቆም መኪና ሲሠሩ የለመዱት መጠን ነው።

ዋናው ነገር አንዱን መርጦ መጽናት ነው። የተለያየ መጠን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ትልቁ ኤልዶራዶ ከትንሹ ኮርቬት አንሶ ይታያል፣ ዓይን ያስቸግራል።

ዳይካስት፣ ሬዚን፣ ዋይት ሜታል፤ ልዩነቱ?

ዳይካስት የዚንክ ቅይጥ ቀልጦ በብረት ቅርጽ ውስጥ በግፊት የሚፈስበት ነው። ቅርጹን ማሠራት ውድ ስለሆነ ፋብሪካው በብዙ ሺህ ካልሠራ አያዋጣውም። ስለዚህ ዳይካስት የሚሆኑት ብዙ ሰው የሚያውቃቸው መኪኖች ናቸው። በሩ ይከፈታል፣ ኮፈኑ ይነሳል፣ ሞተር ይታያል።

ሬዚን የፕላስቲክ ዘመድ ነው፤ ለስላሳ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ይደርቃል። ቅርጹ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያረጃል፣ ስለዚህ በመቶዎች ብቻ መሥራት ይቻላል። ማንም የማያውቃቸው መኪኖች የሚገኙት በሬዚን ነው። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይከፈትም። ብዙ ሰብሳቢ በዚህ ያማርራል። እኔ ግን ለኮንቨርቲብል ሲሆን ቅሬታው አይገባኝም፤ ጣሪያው ተከፍቶ ውስጡ ወለል ብሎ እየታየ በሩን መክፈት ለምን ያስፈልጋል? በሩ ስለማይከፈትም ዙሪያው ላይ ያ አስቀያሚ ክፍተት አይኖርም።

ዋይት ሜታል የቆርቆሮ ቅይጥ ነው፣ ከባድ፣ በእጅ የሚጨረስ። የእንግሊዞች ሙያ ነው። ስታነሱት ክብደቱ ያስደነግጣል።

የትኞቹን ሠሪዎች ልፈልግ?

ብሩክሊን ሞዴልስን ከማንም በፊት እጠራለሁ። ጆን ሆል የሚባል ሰው በ1974 ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ብሩክሊን በምትባል ቦታ ጀመረው፣ በኋላ ወደ እንግሊዝ ባዝ ከተማ ሄደ። 1:43፣ ዋይት ሜታል፣ በዋናነት የአሜሪካ መኪኖች። የመጀመሪያ ሥራቸው የ1933 ፒርስ-አሮው ሲልቨር አሮው ነው። ከዛሬዎቹ ጋር ሲተያዩ ዝርዝራቸው ቀለል ያለ ነው፣ የጥንቶቹማ ወፍራም ናቸው፤ ግን አንድ ዓይነት ግርማ አላቸው።

ፍራንክሊን ሚንት እና ዳንበሪ ሚንት የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው፤ በ1980ዎቹና 90ዎቹ በመጽሔት ማስታወቂያ፣ በየወሩ እየተከፈለ፣ በፖስታ ይሸጡ ነበር። አብዛኛው ሥራቸው 1:24 ነው። ሁሉ ነገራቸው ይከፈታል። ዳንበሪ ብዙ ጊዜ በክሮሙና በወንበሩ ላይ ይበልጣል፣ ፍራንክሊን በምርጫ ብዛት። ያገለገለ ከገዛችሁ ዛሬ ከሁሉ የበለጠ ዋጋው ከጥራቱ ጋር የሚመጣጠነው እዚህ ነው።

የጀርመኑ ሚኒቻምፕስ ንጹሕ ሥራ ይሠራል። ማይስቶ ርካሽ ነው፣ ለመጀመሪያ መኪና አያሳፍርም፤ የ1959 ካዲላክ ኤልዶራዶ ቢያሪትዙ በ1:18 ለዋጋው ጥሩ ነው።

ከዚያ ፕሮሞ የሚባሉት አሉ። ኤኤምቲ እና ጆ-ሃን የተባሉ የሚሺጋን ድርጅቶች ለመኪና ፋብሪካዎቹ የሚሠሯቸው 1:25 ፕላስቲኮች ናቸው፤ ሻጩ ለደንበኛው ልጅ ይሰጣል፣ ቀለሙም እውነተኛው የፋብሪካ ቀለም ነው። እስከ 1960 አካባቢ የተሠሩት አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ ስለሆኑ ከጊዜ ብዛት ይጣመማሉ። ኮፈኑ ይነፋል፣ ወገቡ ይሰረጉዳል። ቀጥ ያለ ካገኛችሁ አትልቀቁት፣ ግን ደግሞ ዛሬ ተመስሎ የተሠራ አለመሆኑን ጠይቁ።

ሞዴሉ ከእውነተኛው መኪና ጋር መመሳሰሉን በምን አውቃለሁ?

የመኪናውን የድሮ ፎቶ ፈልጉና ጎን ለጎን አድርጉ። ከዚያ ሁልጊዜ የምመለከታቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

ኮርቬት 1953 ከሆነ ነጭ ነው። ውስጡ ቀይ፣ ጣሪያው ጥቁር። 300ዎቹም እንደዚያ ነበሩ። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ «1953» የሚል ሞዴል ካያችሁ ቀለሙ ከ1954 ነው የመጣው ወይም ከሠሪው ጭንቅላት።

የ1953 ስካይላርክ ጎኑ ላይ እነዚያ የታወቁት የቢዩክ ክብ ቀዳዳዎች የሉትም። ሆን ተብሎ ነው የተተዉት። ሞዴሉ ላይ ካሉ ሠሪው ሌላ ቢዩክ እያየ ነበር። ቸርኬው ደግሞ ባለ ሽቦ መሆን አለበት፤ ሽቦው በቀጭኑ የተሠራ ከሆነ ሞዴሉ በሌላውም አይከፋም፣ በወፍራም ፕላስቲክ ከታለፈ ግን ተዉት።

የ1953 ኤልዶራዶ የታጠፈው ጣሪያ በብረት ክዳን ተሸፍኖ ከቦዲው ጋር እኩል ይተኛል። እንደ ሌሎቹ ጨርቅ ጉብ ብሎ አይታይም። ይሄን የሳተ ሠሪ ኤልዶራዶን ኤልዶራዶ ያደረገውን ነገር ስቷል። የፊት መስታወቱም በጎን በኩል ይጠመዘዛል።

የ1959 ካዲላክ ላይ ግራ መጋባት ብዙ ነው። ተራው ኮንቨርቲብልና ውዱ ኤልዶራዶ ቢያሪትዝ ከኋላ ያለው ክንፋቸው አንድ ነው። የሚለዩት ጎን ላይ ባለው ክሮም ነው፤ ተራው ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር አለው፣ ቢያሪትዙ ግን ከታች በኩል ሰፋ ያለ ክሮም ሄዶ ወደ ኋላ ሲደርስ ወደ ላይ ይዞራል። 1,320 የተሠራው ቢያሪትዙ ነው፣ ተራው ብዙ ሺህ ነው። ሻጮች ሁሉንም «ኤልዶራዶ» ይሉታል።

እና ሮዝ ቀለም! ሮዝ ካዲላክ ሲባል ሁሉም ዘፋኙን ኤልቪስ ፕሪስሊን ያነሳል፣ ከዚያ የ1959 ኮንቨርቲብል ሮዝ ተቀብቶ ይሸጥለታል። የኤልቪስ ታዋቂው ሮዝ ካዲላክ የ1955 ፍሊትውድ ነው፣ አራት በር ያለው፣ ጣሪያውም የማይከፈት። ሮዙን ከልባችሁ ከወደዳችሁት ግዙት፣ በኤልቪስ ስም ግን አትክፈሉ።

በመጨረሻ የፊት መስታወቱን ፍሬም ከጎን እዩት። የርካሽ ሞዴል ምስጢር የሚወጣው እዚያ ነው። ፍሬሙ እንደ ጣት ከወፈረ የቀረው ቢያምርም አያድነውም።

«ሊሚትድ ኤዲሽን» (በተወሰነ ቁጥር ብቻ የተሠራ) መባሉና ሰርተፊኬት ዋጋ ይጨምራል?

ብዙም አይጨምርም። «ከ5,000 አንዱ» የሚል ወረቀት ምን ይጠቅማል? አምስት ሺህ ሞዴል እኮ ከእውነተኛው ኤልዶራዶ አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቁጥሩ በመቶዎች ከሆነና ሠሪው ያንን መኪና ደግሞ ካልሠራው ያኔ ትርጉም አለው። ሰርተፊኬቱን ግን አትጣሉት፤ ስትሸጡት ገዢው ይጠይቃል።

ያገለገለ ስገዛ ሻጩን ምን ልጠይቀው?

መጀመሪያ ስለ ጣሪያው። ብዙ የኮንቨርቲብል ሞዴሎች ሁለት ቁራጭ አላቸው፤ የተዘረጋ ጣሪያና ታጥፎ የተቀመጠውን የሚሸፍን ክዳን። አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋል። ፎቶው ላይ ከሌለ የለም ማለት ነው፣ «ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን አትመኑ።

ቀጥሎ አንቴና፣ የጎን መስታወት፣ የኮፈን ጌጥ። እነዚህ ይሰበራሉ። የሥሩንም ፎቶ ጠይቁ።

ከዚያ ኮድ ሦስት እንዳይሆን። ሰብሳቢዎች ከፋብሪካ እንደወጣ ያለውን ኮድ አንድ ይሉታል፣ በሠሪው ፈቃድ የተቀየረውን ኮድ ሁለት፣ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀየረውን ኮድ ሦስት። ኮንቨርቲብል ላይ ኮድ ሦስት ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ጣሪያ ያለውን ሞዴል ወስዶ ጣሪያውን በመጋዝ ቆርጦ መሸጥ ቀላል ነው። ጥሩ እጅ የሠራው ኮድ ሦስት መጥፎ ነገር አይደለም፣ አንዳንዱ ከፋብሪካው ይበልጣል። ችግሩ ፋብሪካ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው። በእውነተኞቹ መኪኖችም ይሄው ነው የሚሠራው።

ሞዴሉ ሳይነካ ተሰነጣጠቀ፣ ምንድን ነው?

ዚንክ ፔስት ይባላል፤ መድኃኒት የለውም። ቅይጡ ውስጥ እርሳስ ወይም ሌላ ቆሻሻ ብረት ሲገባ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ይፈርሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ አሻንጉሊቶች ላይ የታወቀ ነው፤ በቅርብ አሥርት ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ውድ ሞዴሎችም አላመለጡም። ወደ ሌላው አይተላለፍም፣ ስለዚህ ከጎኑ ያሉትን ማባረር አያስፈልግም። ስትገዙ ግን በሩ በትክክል መግጠሙን እዩ። ያበጠ በር አይዘጋም፤ የቀለሙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅም ምልክቱ ነው። ሬዚንና ዋይት ሜታል ከዚህ ነፃ ናቸው።

እንዴት ላስቀምጠው?

ከፀሐይ አርቁት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፣ ቀይን በተለይ። መስኮት ፊት ለፊት ያለ መደርደሪያ ያምራል፣ ግን አይሆንም።

አቧራ ሁለተኛው ጠላት ነው፤ ኮንቨርቲብል ደግሞ አቧራው ቀጥታ ወንበሩ ላይ ነው የሚያርፈው። መስታወት ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ። ለማጽዳት ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ይበቃል። አልኮል ቀለም ላይ አታስነኩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ሞዴሉን በፋብሪካው ፎም ውስጥ አሽጎ ለዓመታት ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም። ላስቲኩና ፎሙ የያዙት እርጥበት ቀለሙን እንደ ሽፍታ ያደርገዋል። ፎሙን ለጉዞ አስቀምጡት፣ መኪናው ግን አየር ያግኝ። ለስላሳ ጎማም ከጊዜ በኋላ ፕላስቲክን ያቀልጣል፤ ሞዴሉ ፕላስቲክ ላይ ከቆመ በጎማውና በመቆሚያው መሐል ቀጭን ወረቀት ጣል አድርጉ። ገልፍ አገር ያላችሁ ደግሞ ኤሲ የሌለው መጋዘን ውስጥ ምንም አታስገቡ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝ ኮንቨርቲብል አለ?

አለ፣ ያውም ትልቅ። በጥቅምት 1 ቀን 1963 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲገቡ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር ክፍት መኪና ላይ ሆነው በሰልፍ ከተማውን አቋርጠዋል። በእኛ መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። መኪናው የ1961 ሊንከን ኮንቲኔንታል ነው፣ ሲንሲናቲ ውስጥ ሄስ እና አይዘንሃርት የተባለ ድርጅት ወገቡን ቆርጦ ያስረዘመው፣ የኋላ ወንበሩ ወደ ላይ ከፍ እንዲል የተደረገ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተገደሉት በዚሁ መኪና ላይ ነው። ከዚያ ቋሚ ጣሪያና ጋሻ ተገጥሞለት እስከ 1977 አገልግሏል። ዛሬ ሚሺጋን ዲርቦርን፣ ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።

ሞዴሉ በተለያየ መጠን ተሠርቷል፣ ለማግኘትም አይከብድም። አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ በኬኔዲ ጊዜ ቀለሙ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነበር፣ ጥቁር የሆነው በኋላ ነው። ጥቁር ሆኖ ጣሪያው የተከፈተ ከሆነ ሁለት ዘመን ቀላቅሏል። አበሻ ሰብሳቢ ከሆናችሁ ይሄ መደርደሪያችሁ ላይ ባይኖር ትጠየቃላችሁ።

የት ነው የሚገኘው?

የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ የሁሉም መነሻ ነው። የተጠየቀውን ዋጋ ትታችሁ የተሸጠበትን ተመልከቱ፤ የሚጠየቀው ሕልም ነው፣ የተሸጠበት እውነት ነው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። በየዓመቱ በጥቅምት ፔንሲልቬኒያ ሄርሺ ላይ የጥንታዊ መኪናዎች ማኅበሩ ትልቅ ገበያ አለ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። የመኪና ዕቃ ገበያ ቢሆንም አሻንጉሊትና ሞዴል የሚሸጥበት ጠረጴዛ አይጠፋም። በመጨረሻው ቀን ሰው ዕቃውን ጭኖ ከመመለስ ዋጋ ሰብሮ መሸጥ ይመርጣል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ ጥሩው ዕቃ በመጀመሪያው ጠዋት ያልቃል። በየሰፈሩ የሚደረገው የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭም አይናቅም። ያ በ1990ዎቹ በየወሩ እየከፈለ የሰበሰበ ትውልድ እያለፈ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ቦታ የላቸውም።

አገር ቤት ላለ ሰው ቀላሉ መንገድ ሻንጣ ያለው ዘመድ ነው። ግን አደራ፣ ቦርሳ ውስጥ በእጅ ይያዝ፤ ከታች ከተጫነ አንቴናና መስታወት አይተርፍም። ፊኛ ያለውን ፕላስቲክ በቀጥታ ቀለሙ ላይ አትጠቅልሉ፣ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። መጀመሪያ ስስ ለስላሳ ወረቀት፣ ከዚያ ፊኛው። አክስት ደግሞ «ለዚህ ነው ኪሎዬን የምታባክነው?» ማለቷ አይቀርም፤ ከሞዴሉ ጋር የቡና ዋጋ ላኩ።

ዋጋው ስንት ነው? ኢንቨስትመንትስ ይሆናል?

ርካሽ 1:18 ዳይካስት ከ30 እስከ 60 ዶላር ይገኛል። የ1:43 ሬዚን አብዛኛውን ጊዜ መቶ ዶላር አካባቢ ይዞራል። ትልልቅ ሬዚኖች ከ150 በላይ ናቸው። ያገለገለ ፍራንክሊን ወይም ዳንበሪ እንደ መኪናው ከ40 ጀምሮ አለ፤ አዲስ ሳለ ከመቶ ዶላር በላይ የተከፈለበት ነው።

ይሄ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የኢንቨስትመንቱንም ጥያቄ ይመልሳል። ጥቂቶች ዋጋቸው ይወጣል፣ በተለይ በትንሽ ቁጥር ተሠርተው ሌላ ሠሪ ያልደገማቸው። አብዛኞቹ ይወርዳሉ። አዲስ ሠሪ ያንኑ መኪና አሳምሮ ባወጣ ማግስት የድሮው ዋጋ ይሰበራል። ለትርፍ ከሆነ ሌላ ነገር ፈልጉ።

መቶ ዶላር ብቻ አለኝ፣ ከየት ልጀምር?

አሥር ትናንሽ ከመግዛት አንድ ያገለገለ 1:24 የ1950ዎቹ ኮንቨርቲብል ግዙ፣ ከነጣሪያው። የቀረውን ገንዘብ ለመስታወት ሳጥን አውሉት። ከዚያ ስለዚያ መኪና አንብቡ፣ ስንት እንደተሠራ፣ ለምን እንደቆመ። ሁለተኛውን የምትመርጡት ከዚያ ውስጥ ነው። ኤልዶራዶ ከገዛችሁ ቀጥሎ ስካይላርክና ፊየስታ ይጠሯችኋል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ጄኔራል ሞተርስ በ1953 ምን እያሰበ እንደነበር ይገባችኋል።

ልጆች ቢነኩትስ?

ይነኩታል። ለእነሱ አንድ ማይስቶ ግዙና ከታችኛው መደርደሪያ አስቀምጡት። ኮርቬቱ ከላይ።